ስለተቀነሰብን አምስት መቶ ዙር

ለሞተርሳይክል እሽቅድምድም ፌዴሬሽን የቴክኒክ ደንብ ኮሚቴ ክቡር ሰብሳቢ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፤

ይህ ደብዳቤ ከእጅዎ ሲገባ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በየውድድሩ ከማማው ላይ ሆነው ሜዳውን የሚቃኙበት ያ ረጅም መነጽርዎም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ጽኑ ተስፋዬ ነው። እኔ ከግራ ጉልበቴ በስተቀር ፍጹም ደህና ነኝ። ጉልበቴን ያነሳሁት የሰው ጊዜ ለማባከን እንዳይመስልዎ፤ ጉዳዩ የኮሚቴዎን ሥራ በቀጥታ ስለሚመለከት ወደ መጨረሻው ላይ በትሕትና እመለስበታለሁ።

ደብዳቤውን በጋዜጣ ማውጣቴንም እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ባለፉት አራት ዓመታት የላክኋቸውን አምስት ደብዳቤዎች ጽሕፈት ቤትዎ በክብር ተቀብሎ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ ደህና ቦታ እንዳስቀመጣቸው ጸሐፊዎ በስልክ አረጋግጠውልኛል። ቦታው በጣም ደህና ከመሆኑ የተነሣ እስካሁን ማንም ሊያገኛቸው አልቻለም። ስድስተኛውን ጋዜጣ ላይ ብናወጣው ቢያንስ የት እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን ብዬ ነው።

እኔ በአንድ ጎሚስታ ቤትና በአንድ ማተሚያ ቤት መካከል በተሰነቀረች ጠባብ ጋራዥ ውስጥ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ሞተርሳይክል ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። ደንበኞቼ አባባ ካንዴላ ይሉኛል፤ ሰው ፍሬኑ አልይዝ ብሎት ቢመጣ እንኳ እኔ መጀመሪያ ለሞተሩ እሳት የምትሰጠውን ካንዴላ ፈትቼ ካላየሁ ልቤ አያርፍም። በኮሚቴዎ መዝገብ ላይ ግን መካኒክ አይደለሁም፤ አምራች ነኝ። በሕይወቱ አንዲት ብሎን እንኳ ሠርቶ የማያውቅ ሰው እንዴት አምራች ሆነ ብለው እንደሚገረሙ ስለማውቅ ታሪኩን በአጭሩ ላቅርብ።

ከአራት ዓመት በፊት የእህቴን ልጅ «ከሱቅ እንደተገዛ» በሚባለው ምድብ ላስመዘግብ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጣሁ። ምድቡ ስሙ እንደሚናገረው ማንም ሰው ከሱቅ ሊገዛው የሚችለው ሞተርሳይክል ብቻ፣ ሆዱ ሳይነካ የሚወዳደርበት ነው። ቅጹ ላይ ሦስት የፊርማ ቦታዎች ነበሩ፤ የነጂ፣ የመካኒክና የአምራች ተጠሪ። በጊዜው በየሱቁ ይሸጥ የነበረውን የእኛን ሞተር የሠራው ፋብሪካ ከተዘጋ ዓመታት እንዳለፉ፣ አዳራሹም የፍራሽ መጋዘን እንደሆነ ከመስኮቱ ጀርባ ለተቀመጡት ሠራተኛ አስረዳኋቸው። እሳቸውም በርኅራኄ አይተውኝ፣ ቦታው ባዶ ከሆነ ኮምፒውተሩ አያሳልፈውም አሉኝ። ፈረምኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ከዚያ ዕለት ወዲህ ኮሚቴዎ የሚልክልኝ ደብዳቤ ሁሉ «ለአምራቹ» ይላል። የመጀመሪያውን ባለቤቴ የማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፋዋለች፤ ቆሻሻ እንድደፋ ስታዘኝም «አንተ አምራች» እያለች ትጠራኛለች። ሌላው ሰው ዕድሜውን ሙሉ ለፍቶ የማያገኘውን ማዕረግ በአንድ እስክሪብቶ ስለሰጡኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

የእህቴ ልጅ በሥራ ቀን ከየክሊኒኩ የደም ናሙና እየሰበሰበች በሞተር ወደ ላቦራቶሪ የምታደርስ ልጅ ናት። ደም ከተናጠ ይበላሻልና፣ ኩርባ ስትገባም ሆነ ፍሬን ስትይዝ ከኋላዋ የታሰረው ሳጥን መንገዱ መታጠፉን እንኳ አያውቅም። ሰባት ዓመት እንዲህ የነዳች ልጅ ውድድር ሜዳ ላይ ስትወጣ ምን እንደምትሆን ክቡርነትዎ ከማማው ላይ አይተዋል፤ በኩርባ የሚቀድማት የለም። ዘንድሮ እስካለፈው ውድድር ድረስ መሪዋ እሷ ነበረች። አሁን አንድ ቅዳሜና አንድ እሑድ ሲቀር ከመሪው በሦስት ነጥብ ወደ ኋላ ቀርታ ሁለተኛ ላይ ትገኛለች። ያ ዋንጫ በታሪኩ ጋራዥ ገብቶ አያውቅም፤ የእኛን በር ለማንኳኳት ሦስት ነጥብ ቀርቶታል። አቤቱታዎቼን በቁጥር ለይቼ ሳቀርብ ችኮላ ቢታይብኝ ከዚህ የተነሣ ነው።

አንደኛ። ደንብዎ በአንቀጽ አራት፣ በዚህ ምድብ የሚወዳደር ሞተር ቢያንስ አምስት መቶ ተሠርቶ ለማንኛውም ገዢ በሱቅ መቅረብ አለበት ይላል። ቆንጆ አንቀጽ ነው። ከአሥራ ስምንቱ ተወዳዳሪዎች አሥራ አንዱ የሚነዱት የአንድ ትልቅ ኩባንያ ሞተር ነው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ወይን ጠጅ ቀለም ስለተቀቡ እኛ የሜዳው ሰዎች «ወይን ጠጆቹ» እንላቸዋለን። ታዲያ እኔም ማንኛውም ገዢ ነኝና፣ የሰርጌን ኮት ለብሼ፣ ባለቤቴን ይዤ፣ ወደ መሸጫ አዳራሻቸው ሄድኩ። ወለሉ ፊት ያሳያል። ሞተሩ ከፍ ባለ መድረክ ላይ፣ ዙሪያውን በገመድ ታጥሮ፣ መብራት በርቶበት ቆሟል። ሻጩ ልጅ ከወንበሩ ተነሥቶ፣ ጋሼ እንኳን ደህና መጡ ብሎ ከተቀበለኝ በኋላ፣ አምስት መቶዎቹ ሁሉ ገና ሳይሠሩ መያዛቸውን በታላቅ ትሕትና ነገረኝ። ማን ያዛቸው ብዬ ብጠይቀው ስም መናገር አይፈቀድልኝም አለ። እንግዲያው ተራ ልያዝ ስለው ደግሞ በደስታ መዝገብ አውጥቶ አምስት መቶ አንደኛ ላይ ጻፈኝ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይባላል፤ እኔ ግን ቢያንስ የታሰረችበትን ገመድ አይቼ ተመልሻለሁ።

በዚህ ረገድ ኩባንያውን አልወቅስም። ሞተራቸው ግሩም ነው፤ ሲነሣ ድምፁን ስሰማ እኔም እንደ ባለሙያ የያዝኩትን ቁልፍ አስቀምጬ አዳምጠዋለሁ። ጥሩ መሥራት ወንጀል አይደለም፣ አሥራ አንድ ሆኖ መምጣትም ወንጀል አይደለም። የምለምነው ኮሚቴዎ ያንን መዝገብ አንድ ቀን ገለጥ አድርጎ እንዲያየው ብቻ ነው። ከፊቴ ከተሰለፉት አምስት መቶ ገዢዎች መካከል አንዱን እንኳ መንገድ ላይ ባገኘው ሰላም ልለው እፈልጋለሁ፤ በዚህ ከተማ ያን ሞተር ገዝቶ እንጀራ ፍለጋ የሚወጣበት ሰው አይቼ አላውቅም።

ሁለተኛ። አንድ ኩባንያ ብቻውን እያሸነፈ ተመልካቹ እንዳይሰለች ሲባል ኮሚቴዎ ከሁለት ወር በፊት የሚዛን ሠንጠረዥ የሚባል ነገር አወጣ። ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። በየሞተሩ ውስጥ የክብሪት ሳጥን የምታክል ጥቁር ሳጥን አለች፤ ሞተሩ በደቂቃ ከዚህ ያህል ዙር በላይ አይዞርም ብላ የምትከለክለው እሷ ናት። ብዙ እንዲዞር የተፈቀደለት ሞተር በቀጥታው መንገድ ላይ ይፈጥናል፣ የተገደበው ወደ ኋላ ይቀራል። የሠንጠረዡ ሐሳብ ከጠነከረው ኩባንያ ላይ ጥቂት ዙር ቀንሶ ለደከመው መጨመር ነው። ይህን ስሰማ በስብሰባው አዳራሽ ውስጥ ከሁሉ ቀድሜ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ፤ ቃለ ጉባኤውም ላይ «አምራቹ ድጋፋቸውን ገለጹ» ተብሎ ተጽፎልኛል።

ስብሰባው የአምራቾች የምክክር ጉባኤ ይባል ነበር። ከፊቴ የታሸገ ውሃ፣ ባዶ ወረቀትና «አምራች» የሚል ሰሌዳ ተቀምጦልኝ ነበር። ወይን ጠጆቹ አራት ሰው፣ ሁለቱ ሌሎች ኩባንያዎች አንድ አንድ ሰው ልከዋል፤ ጥፍሩ ሥር ግራሶ ያለበት ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ድምፅ የሚሰጠው በሜዳው ላይ ባለው የሞተር ብዛት ስለሆነ እነሱ አሥራ አንድ ድምፅ፣ እኔ አንድ ድምፅ ነበረኝ። በሬ ካራጁ ይውላል እንደሚባለው ከጎናቸው ተቀምጬ ውሃዬን ጠጣሁ።

ጥንካሬ በምን ይለካ የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ከወይን ጠጆቹ አንዱ፣ ደርበብ ያለ የተማረ ሰው፣ በአማካይ ይለካ አለ። በየውድድሩ ቅዳሜ አንድ፣ እሑድ አንድ ግጥሚያ አለን። እንግዲህ አንድ ኩባንያ ቅዳሜ ያሰለፋቸው ነጂዎች ሁሉ የወጡበት ደረጃ ይደመርና ለነጂዎቹ ብዛት ይካፈል፤ አማካዩ ከአምስት በታች ከሆነ ኩባንያው ጠንካራ ነውና ለእሑድ አምስት መቶ ዙር ይቀነስበት፤ ከዘጠኝ በላይ ከሆነ ደካማ ነውና ሦስት መቶ ይጨመርለት፤ በመካከል ያለው እንዳለ ይቆይ። በሚቀጥለው ውድድር ሁሉም ወደ ነበረበት ተመልሶ እንደገና ይሰላል። እኔ አማካይ የሚለውን ቃል ስወደው ኖሬአለሁ፤ ልከኛ፣ ጨዋ፣ ማንንም የማይነካ ቃል ይመስለኝ ነበር። እጄን አወጣሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ለእኔ ነው፤ ለጥፋቱ ከተጠያቂዎቹ አንዱ እኔው መሆኔን በዚህ ጋዜጣ ፊት አምናለሁ።

ሠንጠረዡ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ የዋለው ባለፈው ውድድር ነው። ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ሁለተኛ ወጣች። አንደኛው ወይን ጠጅ ነው። ሦስተኛው፣ አራተኛውና አምስተኛውም ወይን ጠጆች ናቸው። ነገር ግን ከኋላም ያሉት እነሱው ናቸው፤ የኩባንያው የጎማ ክፍል ኃላፊ አሥራ አምስተኛ፣ የሥራ አስኪያጁ አማች አሥራ ስድስተኛ፣ ለመዝናናት የሚነዱ አንድ የጥርስ ሐኪም ደግሞ አሥራ ሰባተኛ ወጥተዋል። የአሥራ አንዱ ደረጃ ተደምሮ ሲካፈል ከዘጠኝ ጥቂት ከፍ አለ፤ ማለትም ወይን ጠጆቹ ደካሞች ናቸው፣ ሦስት መቶ ዙር ተጨመረላቸው። ሁለቱ ሌሎች ኩባንያዎችም አማካያቸው ከአሥር በላይ ስለነበር ተጨመረላቸው። የእኛ ፋብሪካ ግን ያለችው ነጂ አንድ ናት፤ ሁለት ለአንድ ሲካፈል ሁለት ነው። ያ ፍራሽ የተከመረበት ፋብሪካ በሠንጠረዥዎ መሠረት የዘመኑ አስፈሪ ኃይል ሆኖ ተገኘ። ከአሥራ ስምንት ሞተሮች ለአሥራ ሰባቱ ተጨምሮ ከአንዷ ብቻ ተቀነሰ።

ይህን ሒሳብ ያወጣችው ባለቤቴ ናት፤ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማረች ሴት ናት። እኔማ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ያየሁት የጽሕፈት ስሕተት መስሎኝ ነበር። ውጤቱን ገልብጬ አመጣሁላት፤ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ጊዜ ደምራ፣ ሁለት ጊዜ አካፍላ፣ መነጽሯን አወለቀች። ከዚያ፣ ይህን ያወጣው ተማሪዬ ቢሆን ወላጅ ይዘህ ና እለው ነበር አለች። ክቡርነትዎን ማለቷ እንዳልሆነ አረጋግጥልዎታለሁ። ያም ሆኖ ወላጅ እናትዎ በሕይወት ካሉ ረጅም ዕድሜና ጤና እመኝላቸዋለሁ።

ሦስተኛ። ይህ አቤቱታ ሳይሆን ምስጋና ነው። ቅዳሜ ከግጥሚያው በኋላ ሞተራችንን ሊያሽጉ የመጡት መርማሪዎ እጅግ ጨዋ ሰው ናቸው። መሬቱ ላይ መሐረባቸውን ዘርግተው ተንበረከኩ፣ ጥቁሯን ሳጥን በቀጭን ሽቦ አሰሩ፣ ማኅተም አደረጉባት፤ ሲነሡም፣ ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው አሉኝ። እኔም ምንም አይደል ብዬ እጃቸውን የሚጠርጉበት ጨርቅ ሰጠኋቸው። ከጎናችን ባለው ሰፊ ድንኳን ውስጥ ደካሞቹ ወይን ጠጆች አሥራ አንድ ላፕቶፕ ከአሥራ አንድ ሞተር ጋር አገናኝተው ሦስት መቶ ዙራቸውን እየተቀበሉ ነበር። ከእነሱም አንድ ወጣት መሐንዲስ ወደ እኛ መጥቶ፣ አባባ፣ ነገ ሞተሩ ገደቡ ላይ ሳይደርስ ማርሹን ቀደም አድርጋ ብትቀይር ይሻላታል ብሎ መከረኝ። ልጁ ልቡ ቅን ነው፤ ምክሩም ልክ ነበር።

እሑድ በረጅሙ ቀጥታ መንገድ ላይ ግን ምክር አልበቃም። የእህቴ ልጅ ከኩርባው ቀድማ ወጣች፣ ሞተሩ ገደቡ ላይ ደርሶ ማቃሰት ጀመረ፣ ወይን ጠጆቹም አንድ በአንድ፣ የቆመች ያህል፣ በጎኗ አለፉ። ሜዳውን አንድ ጊዜ በዞሩ ቁጥር ሦስቱን በኩርባ ትመልሳለች፣ አራቱ በቀጥታው መንገድ ያልፏታል። የጥርስ ሐኪሙ እንኳ አንዴ አልፈዋት እጃቸውን አውለብልበውላታል፤ ከእሳቸው ክፋት እንደሌለ አውቃለሁ፣ በሕይወታቸው ማንንም አልፈው ስለማያውቁ ደስ ብሏቸው ነው። ሰባተኛ ወጣች። የመሪነት ቦታዋም በዚያው ቀን ሄደ።

አራተኛ። ይህ በውድድሩ ሜዳ ላይ ከመጸዳጃ ቤቱ ቀጥሎ ስለተሰጠን ቦታ ነበር። ትቼዋለሁ። ሰው ሁሉ ቀን ሙሉ በፊታችን ስለሚመላለስ የማናውቀው ሰው የለም።

ከዚህ በኋላ ያለው ቁጥር የለውም።

ያን እሑድ የእህቴ ልጅ ሄልሜቷን አውልቃ፣ የጎማ ቁልል ላይ ተቀምጣ፣ ጓንቷን ሳታወልቅ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። አጎቴ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሆን ብዬ አሥረኛ ብወጣ ለእሑድ ይጨምሩልኝ ይሆን? አለችኝ። ሒሳቡ ልክ ነው። አሥር ለአንድ ሲካፈል አሥር ነው፣ ከዘጠኝ በላይ ነው፣ ይጨመርላታል፤ ዋንጫው ግን በዚያው ቅዳሜ ያመልጣታል።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዱን ለጥቂት መስመሮች ላቁም። በአርባ አንድ ዓመት ውስጥ ብዙ የወደቀ፣ ብዙ የተሰበረ ነጂ አይቻለሁ፤ አንዳንዱንም ከመሬት ያነሳሁት በእነዚህ እጆቼ ነው። ቀርፋፋ መስዬ ብታይ ይሻለኝ ይሆን ብላ የምታሰላ ጎበዝ ልጅ ግን አይቼ አላውቅም ነበር። አዘንኩ። ከዚያች ሞተር ላይ አምስት መቶ ዙር ሲቀነስ የተናደድኩትን ያህል አይደለም፣ ከዚያ ይበልጥ አዘንኩ። ሰባት ዓመት የሰው ደም ሳትንጥ ያመላለሰችው በጥንቃቄዋ ነው፤ ያንን ጥንቃቄ አሁን እንዴት ልሸነፍ ለሚል ሐሳብ ታውለው ጀመር። እኔም አይሆንም አልኳት። በዚህ ቤት ውስጥ መሸነፍ የሚያስፈልግ ከሆነ የምትሸነፊው አንቺ አይደለሽም አልኳት።

ስለዚህ ደንብዎን ከሽፋን እስከ ሽፋን አነበብኩ፤ ከደራሲዎቹ በቀር ይህን ያደረገ የመጀመሪያው ሰው እንደምሆን እገምታለሁ። አንቀጽ ሃያ ሰባት ላይ ስደርስ ተቀምጬ የነበርኩ ሰው ተነሣሁ። ማንኛውም አምራች በውድድር ዘመኑ አንድ ጊዜ አንድ ተጨማሪ ነጂ የማሰለፍ መብት አለው ይላል። አንቀጹ የተጻፈው ወይን ጠጆቹ ከባሕር ማዶ አንድ ዝነኛ ነጂ ለአንድ ውድድር ሊያስመጡ በፈለጉ ጊዜ እንደሆነ ሁላችንም እናስታውሳለን። ቢሆንም አምራች ይላል እንጂ ወይን ጠጅ አይልም። እኔ ደግሞ፣ ምስጋና ለመስኮቷ ሠራተኛና ለኮምፒውተራቸው ይሁንና፣ አምራች ነኝ። በዚህ መብቴ መሠረት በመጨረሻው ውድድር ቅዳሜ ሁለተኛ ሞተር የማሰልፍ መሆኔን በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ። ነጂው ስልሳ አራት ዓመቱ ነው። ግራ ጉልበቱ በጄ ሲል ይታጠፋል፣ እንቢ ሲል ይቀራል። ደንበኞቹ አባባ ካንዴላ ይሉታል።

ደንቡ ከአሥራ ስድስት ዓመት በታች ያለ አይወዳደርም ይላል እንጂ ከላይ ጣሪያ የለውም፤ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። የምነዳው ስድስት ዓመት ሙሉ መለዋወጫ ስነቅልባት የኖርኩትን የእህቴን ልጅ ሞተር መንትያ ነው። የነቀልኩትን ሁሉ መልሼ ገጥሜላታለሁ፤ ከፋብሪካ እንደወጣች ናት፣ ቀድሞ የጋዝ ሲሊንደር ያመላለስንበት የዕቃ መጫኛዋ ብቻ በመርማሪው ትእዛዝ ተነሥቷል። ሐኪሙ ጉልበቴን እያጣጠፉ መርምረው፣ ለምን ዓላማ ነው የጤና ወረቀቱ ሲሉኝ እውነቱን ነገርኳቸው፤ ብዙ ከሳቁ በኋላ ፈረሙልኝ። ባለቤቴ ግን አልሳቀችም። አንተ ሰውዬ፣ ከሶፋ ስትነሣ ጎረቤት የሚሰማው እያቃሰትክ ነው፣ ከኩርባ ማን ሊያነሣህ ነው አለችኝ። ሒሳቡን ወረቀት ላይ ሠርቼ አሳየኋት። ስሕተት ፈለገች፣ አጣች፣ ከዚያ ተነሥታ የሰርግ ኮቴን ከቁም ሳጥኑ አውጥታ ብሩሽ አደረገችልኝ። ለሽልማቱ ነው ወይስ ለሌላ ነገር ብዬ ለመጠየቅ ድፍረት አጣሁ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ተወዳዳሪዎቹ አሥራ ዘጠኝ ይሆናሉ፤ እኔም አሥራ ዘጠነኛ እንደምወጣ በሙሉ ልብ ቃል እገባለሁ። የእህቴ ልጅ አንደኛ ብትወጣ፣ አንድና አሥራ ዘጠኝ ሃያ፣ ለሁለት ሲካፈል አሥር። ሁለተኛ ብትወጣ አሥር ተኩል። ሁለቱም ከዘጠኝ በላይ ናቸው። ፋብሪካችን በአንድ ቀን ከአስፈሪ ኃይልነት ወደ ምስኪንነት ይወርዳል፤ መርማሪው በዚያው መሐረባቸው ላይ ተንበርክከው ሦስት መቶ ዙር ይጨምሩልናል፤ እሑድም የእህቴ ልጅ ከሌሎቹ ጋር እኩል ተሰልፋ በራሷ ችሎታ ታሸንፋለች ወይም ትሸነፋለች። ሌላ የምንጠይቀው ነገር የለም።

ያልጨረሰ ነጂ እንደማይቆጠርም አውቃለሁና እጨርሳለሁ። በልምምድ ቀን ደንቡ የሚጠይቀውን ዝቅተኛ ሰዓት በሁለት ሰከንድ ብልጫ አሟልቻለሁ። የእህቴ ልጅ ሐሳቡን መጀመሪያ ስትሰማ በፍጹም ብላ ነበር፤ ሜዳው ላይ ስታየኝ ግን ከዚያ እሑድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ኩርባው ጠርዝ ላይ ቆማ ታሠለጥነኝ ጀመር። አጎቴ፣ ከኋላህ ደም የጫንክ አስመስለህ ንዳ፣ አትናጠው አለችኝ። እሞክራለሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

በእርግጥ ሌላም መንገድ አለ። ኮሚቴዎ ከዚያ ቅዳሜ በፊት ተሰብስቦ፣ የየኩባንያው ጥንካሬ የሚለካው ቀድሞ በገባው ነጂው ብቻ ነው የሚል አንዲት መስመር ቢጽፍ እኔ በደስታ ከውድድሩ እወጣለሁ። እንደዚያ ከሆነ ወይን ጠጆቹም ሆኑ እኛ እኩል ይቀነስብናል፤ እኩል ከተቀነሰ ደግሞ ስለ ቀሪው ከኩርባዎቹ ጋር እንነጋገራለን። ባለቤቴ ይህ እንዲሆን ጸሎት ይዛለች። እኔ ግን የክቡርነትዎን ጽሕፈት ቤት ፍጥነት ስለማውቅ ጓንት ገዝቻለሁ።

እስከዚያው ድረስ፣ ጠንካራውን ደካማ፣ ደካማውን ጠንካራ አድርጎ ለሚያይ ዓይንዎ ብርታትን፣ ለኮሚቴዎ አባላት ሁሉ ሰላምና ጤናን፣ ለሠንጠረዡም አጭር ዕድሜን እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከአነስተኛ ፍጥነት ጋር ስንብቴን አቀርባለሁ።

አባባ ካንዴላ
የአንድ ጋራዥ ባለቤት፣ የሁለት ሞተርሳይክሎች መካኒክ፣ በእርስዎም መልካም ፈቃድ የአንድ ሙሉ ፋብሪካ ተጠሪ

ማስታወሻ፦ ባለ ባንዲራው ሰውዬ ቅዳሜ አሸናፊው ካለፈ በኋላ ባንዲራውን ጠቅልሎ ወደ ቤቱ እንዳይሄድ በእርስዎ በኩል ይነገርልኝ፤ ሁሉም ገብቶ ሲያልቅ እኔ ገና እየመጣሁ ነው። ክቡርነትዎም ያን ረጅም መነጽር ለዚያ ቀን ቤት ትተውት ቢመጡ ይሻላል። እስካሁን ያመለጠዎት ሁሉ በፍጥነት ስላለፈ ይሆናል፤ እኔን ግን በባዶ ዓይንዎ ለማየት በቂ ጊዜ ይኖርዎታል።